ዳገት ላይ የሚጠፋው መኪና

ሞርሳ የሚሉት በጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት ነክሶ እንደሚይዘው መሣሪያ፣ አንዴ የያዘውን ስለማይለቅ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ እሱም ቢሆን በዚያኛው ቢጠሩት የሚዞር አይመስለኝም። መካኒክ ነው። ከመኪና ጋር ሲጣላ መኪናውን ይመታል፣ ከሰው ጋር ሲጣላ ሰውየውን ይመታል፤ ከሁለቱም ጋር ሰላም በሆነበት ቀን ደግሞ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ይገባል። አንድ ጊዜ አልከፈት ያለውን የመኪና ኮፈን በግንባሩ ገጭቶ ከፍቶታል። ይህ ሲወራለት ይስቃል፣ ሰሚውም ይስቃል። የሚስቁት ግን ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የማያድሩት ናቸው።

ሙያውን አልነፍገውም። ሞተር ሲሰማ ሌላ ሰው የሚሆን ይመስላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ችግሩ ካዳመጠ በኋላ ነው። የሰማውን በእጁ ሊያስተካክል ሲነሳ ያ ሁሉ ትዕግሥት ድራሹ ይጠፋል። አባቱም እንዲህ ነበሩ ይላሉ፤ ልጃቸውን በቀበቶ ከገረፉት በኋላ በዚያው ቀበቶ ሱሪያቸውን ታጥቀው ሥራ የሚሄዱ ሰው። ሞርሳ ይህን እንደ ሰበብ አያነሳም፤ እኔም አላነሳለትም።

ጋራዡና ቤቱ አንድ ግቢ ነው። ከፊት ቆርቆሮ የለበሰ መሥሪያ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ቤት፣ በመካከል ከባድ የብረት በር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲያንጣጣ ይውላል። አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለቻቸው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እሱን ኤሊ ይሉታል፤ አንድ ብሎን ሲፈታ ሌላው ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳልና። ሞርሳ በዚህ አንጀቱ ሲያር ይኖራል። ቢሆንም ኤሊ የፈታው ነገር ሲገጠም አንድም ቀን ተርፎ የቀረ ብሎን ታይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ባልና ሚስት ስለ ምን እንደሆነ ሁለቱም አሁን በማያስታውሱት ነገር ተጨቃጨቁ። ሞርሳ ወጥቶ የብረት በሩን ወረወረው። የሚስቱ እጅ መቃኑ ላይ ነበር። አመልካች ጣቷ ከበሩና ከመቃኑ መካከል ሲደቅ የወጣውን ድምፅ ሞርሳ ሰምቶታል፤ ምን እንደሆነም ወዲያው አውቆታል። ለልብስ ሰፊ ጣት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ጣቱ ዳነ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ፋሻው በተፈታ ዕለት ሚስቱ ከፊቱ ተቀመጠችና ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረችው።

«በእኔም ላይ ይሁን በወገኔ ላይ እጅህ አንድ ጊዜ ከተነሳ፣ ልጄንና የስፌት መኪናዬን ይዤ እናቴ ቤት ነው የምሄደው። አልለምንህም፣ አላለቅስም፣ ሽማግሌም አልሰማም።»

ማለላት። ሚስቱ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የምትናገር ሴት እንዳልሆነች ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በእርግጥ ሰው አልመታም። ንዴቱን ብረት ላይ ይወጣ ጀመር፤ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ጎማ ይረግጣል፣ ብሎን ያጠብቃል። ሰዉም ሞርሳ ተለወጠ አለ።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የሞርሳ ታላቅ እህት ድንች ጠባሽ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ዘይት ስታፈላ ትውላለች፤ ማታ የጠቆረውን ዘይት ስትደፋ ሆዷ ይባባል። ሞርሳ አሮጌ የናፍጣ መኪናዋን በዚያ ዘይት እንዲሄድ አድርጎ ሠራላት። ከኋላ ሁለተኛ ታንክ ገጠመ። ሞተሩ በናፍጣ ይነሳል፤ ሲሞቅ ከመሪው ሥር ያለችውን ማዞሪያ ወደ ዘይቱ መመለስ ነው፤ ፓምፑም ከፊት ሆኖ በጨርቅ የተጠለለውን ዘይት ከኋላ እየሳበ ሞተሩን ያጠጣል። መኪናዋ ባለፈችበት ሁሉ መንገዱ ድንች ድንች ይሸታል፤ የሰፈሩ ውሾች እስከ መታጠፊያው ያጅቧታል። እህትየው በዚህ መኪና የምትኮራውን ያህል በልጆቿም አትኮራም።

ቱቦውን የዘረጋው ኤሊ ነው። ዘይቱ የሚመጣው በጎማ ቱቦ ሲሆን በየመጋጠሚያው ፋሼታ፣ ማለትም ጎማውን ከብረቱ ጋር አንቆ የሚይዝ ቀለበት አለ። ቀለበቱ በብሎን ይጠብቃል። ኤሊ ብሎኑን በትንሽ ካቻቢቴ ያዞርና ጎማው ጠበቅ ሲል ያቆማል። የበሰለ ዘይት ጎማን እያደር ያለሰልሳል፤ ስለዚህ ጎማው ከልክ በላይ መታነቅ አይወድም።

መኪናው ደህና ሠርቶ ቆየ። አንድ ቀን ለፊልትሮ ቅያሪ መጣ፤ ፊልትሮውን ኤሊ ቀየረ። ሞርሳ በዚያች ሰዓት ከአንድ ደንበኛ ጋር በር ላይ ተጣልቷል። ሰውየው አፉ የባለጌ ነበር፤ ሞርሳ ቡጢውን ጨብጦ አንድ እርምጃ ከሄደ በኋላ በመስኮቱ የሚስቱን የስፌት መኪና ድምፅ ሰማና ተመለሰ። ሰውየውን አልመታውም። ትልቁን ካቻቢቴ ይዞ እህቱ መኪና ሥር ገባና «ላጥብቀው እንጂ ይሄ ኤሊ ሁሉን አላልቶ ነው የሚተወው» እያለ ያገኘውን ፋሼታ ሁሉ ብረቱ እስኪጮህ ድረስ ጠመዘዘው። ክንዱ ሲዝል ደሙ በረደ። በራሱ ደስ እያለው ወጣ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ዳገት ላይ መጥፋት ጀመረ። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ዳገት ሲይዝ ያስላል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቀጥ ይላል። ሞርሳ ከሥር ተኝቶ እርጥበት ፈለገ። አንድ ጠብታ እንኳ የለም፣ ቱቦው ሁሉ እንደ አጥንት ደርቋል። «ቱቦው ንጹህ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋ። ፓምፑን ነቀለ፣ መልሶ ገጠመ፣ በመዶሻ እጀታ ደበደበው። ከዚያ በእህቱ ዘይት አሳበበ፤ እህቱም ሰድባው ሄደች።

ከሱቋ ወደ ሰፈሯ የሚያወጣው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። አንድ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ መኪናው የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሁለቴ አስሎ ሞተ። ሞተሩ ሲሞት ፍሬኑ ከእግሯ ሥር ደነደነባት፤ በሁለት እግሯ ቆማበት እንኳ አልያዘላትም። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከኋላ ይመጣ ከነበረው የጭነት መኪና ግንባር ጋር ተላተመ። የኋላው በር እንደ ቆርቆሮ ተጨማደደ፣ መስታወቱ ዱቄት ሆኖ ጭንቅላቷ ላይ ዘነበ፣ ትከሻዋ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ ተሰበረ። ያ የጭነት መኪና ባይኖር ኖሮ ከበታቹ ያለው ገደል ነበር የሚቀበላት።

በማግሥቱ መኪናው ተጎትቶ ግቢ ገባ። እህትየውም ክንዷን ካንገቷ ላይ በጨርቅ አንጠልጥላ፣ ጉንጯ በመስታወት ተጫጭሮ፣ ተከትላው መጣችና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ምን ላርግልሽ?» አላት ሞርሳ።

«ምንም አታርግልኝ። ምን ሊገድለኝ እንደነበረ ብቻ ንገረኝ።»

ሞርሳ እህቱን በጣም ይወዳታል። አባታቸው ቀበቶውን ሲፈቱ ከኋላዋ የምትደብቀው እሷ ነበረች። ፊቷን ሲያይ ዓይኑ ደም ለበሰ፤ የሚጨብጠው ነገር ፈለገ፤ ዞር ሲል ኤሊ ቆሟል።

«ቱቦውን የዘረጋኸው አንተ ነህ። ፊልትሮውንም የፈታኸው አንተ ነህ።»

«ነኝ ጋሼ። ግን አየር እየሳበ ይመስለኛል። እርጥበት ያጣነው ለዚህ ነው። ፓምፑ ስለሚስብ ቀዳዳ ቢኖር ዘይት አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው። ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ገጥመን አረፋ እንዳለው እንየው።»

«እህቴን ገድለህብኝ ነበር፣ ምኑን ነው የምናየው?»

«ቀስ በል እንጂ ጋሼ።»

ምናልባት ሌላ ማንኛውም ቃል ይሻል ነበር። የሞርሳ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ኤሊ ከመኪናው ጎን ጋር ተላግቶ ሲመለስ ሁለተኛው ጠበቀው፤ ከንፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ አንድ የፊት ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ሞርሳ ኮሌታውን ይዞ ጭንቅላቱን ከመኪናው በር ጋር አንድ ጊዜ፣ ደግሞም አንድ ጊዜ አጋጨው። እህትየው በደህና እጇ ከኋላ ሸሚዙን ይዛ «ልቀቀው፣ በእናትህ ልቀቀው» ትለዋለች፤ ሊሰማት አልቻለም፣ ወይም አልፈለገም። ኤሊ በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ከባድ መፍቻ አንስቶ መታው። ብረቱ ቅንድቡ ላይ አረፈና ቆዳው ተከፈተ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ሞርሳ ለቀቀ። ኤሊ መፍቻውን እንደጨበጠ ወደ ኋላ ሸሸ። በሕይወቱ ሰው መትቶ አያውቅም፤ ከጥርሱ ይልቅ ያ ነበር የከፋበት።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል። ሚስትየው በብረት በሩ ላይ ቆማለች። ወንድሟን አየች፣ ባሏን አየች። ጎንበስ ብላ ጥርሱን ካነሳች በኋላ በእጇ በያዘችው ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለወንድሟ ሰጠችው፤ አፉንም በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችለት።

«የልጅቷን ልብስ ልሰብስብ» አለችና ተመልሳ ገባች።

የእናቷ ቤት ከዳገቱ ማዶ ነው፤ እዚያ ከሄደች እንደማትመለስ ሞርሳ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚያስበውን እግዜር አያሳስባችሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልታየውም። የታየው ይህ ነው፤ ጥፋቱ የኤሊ መሆኑን ካሳየኋት ትረዳኛለች፣ ለእህቴ ስል ነው የመታሁት ትላለች፣ ልብሱንም ወደ ሳጥኑ ትመልሰዋለች። ቅንድቡን በዘይት ጨርቅ ጠቅጥቆ ማስረጃ ፍለጋ ወደ መኪናው ሄደ።

ከፊልትሮውና ከፓምፑ መካከል ያለውን ጥቁር ጎማ ነቅሎ፣ ኤሊ ያለውን ውስጡ የሚታየውን ቱቦ ገጠመ። ሞተሩን በናፍጣ አስነሳ። ናፍጣው በቱቦው ውስጥ ጥርት ብሎ ያልፋል፣ አንድ አረፋ የለም። እንግዲህ ከማዞሪያዋ ወዲህ ያለው ሁሉ ደህና ነው፣ ኤሊ የቀየረው ፊልትሮም ደህና ነው። ሞርሳ በዚህ አልተደሰተም። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ዘይቱ አዞረው። ቢጫው ዘይት መጣ፤ ወዲያው ጥቃቅን አረፋዎች እየተከታተሉ መጡ፤ ነዳጅ ሲሰጠው አረፋዎቹ ተጋጥመው አንድ ረጅም ባዶ ሆኑና ሞተሩ አሰለ። ዳገት ላይ እህቱን የጣላት ይህ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ አየር ነው።

ከኋላው ቤት መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። እጁ ፈጠነ። በጀሪካን ዘይት አምጥቶ ከመኪናው ታንክ ይልቅ በቀጥታ ከማዞሪያዋ ጋር አገናኘው። አረፋው ጠፋ። ስለዚህ ማዞሪያዋም ንጹህ ናት፤ የቀረው ከወለሉ ሥር እስከ ኋላ ታንክ ያለው ቱቦ ብቻ ነው። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ወደ ኋላ እየሄደ ጀሪካኑን ያገናኛል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ አረፋ ይፈልጋል። አረፋ ሳያይ ታንኩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው መጋጠሚያ ብቻ ቀረው። ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ከቅንድቡ የሚወርደው ደም ጆሮው ውስጥ እየገባ፣ ፋሼታውን በጣቱ ዳሰሰው።

ቀለበቱ ጎማውን በልቶታል። ጠርዙ ገብቶ የጥፍር ምልክት የምታህል ስንጥቅ ከፍቷል። ሞርሳ በመጀመሪያ ያየው የብሎኑን ራስ ነው፤ ካቻቢቴ የሚገባበት ቦታ ተገሽልጦ፣ ተበጣጥሶ ነበር። የኤሊ ትንሽ ካቻቢቴ ይህን ማድረግ አትችልም። ወደሚቀጥለው ተሳበ፤ እሱም ተነክሷል። የሚቀጥለውም። ሁሉም ላይ ያ የገዛ እጁ ጠባሳ ነበረ፤ ያ የመጨረሻው ግን ጎማውን አልፎ ቆርጧል። ያ ባለጌ ደንበኛ፣ የጨበጠው ቡጢ፣ ብረቱ ሲጮህ የተሰማው ደስታ፣ ሁሉም አንድ ባንድ መጡበት። ሰው አልመታሁም ብሎ ሲኩራራ የእህቱን አጥንት የሰበረው በዚያች ቀን ነው።

ከመኪናው ጠርዝ ሥር የሚስቱ ጫማዎች መጥተው ቆሙ። አጠገባቸው ሻንጣ ተቀመጠ።

«ምኑ ነው?» አለች።

ፋሼታውን አውልቆ ኪሱ መክተት ይችል ነበር። ማንም አያይም። ዛሬ አይጠገንም ማለትም ይችል ነበር፤ አንድ ቀን ካደረች አንድ ቀን ይለምናታል። ሞርሳ ይህን ሁሉ አሰበ፤ አላሰበም፣ ጻድቅ ነው የምል ሰው አይደለሁም።

«ቱቦው ነው» አለ።

«ማን ነው ያሰረው?»

«ያሰረው ኤሊ ነው።» ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። «ያጠበቅኩት ግን እኔ ነኝ። ቆርጬዋለሁ። እትዬን የጣልኳት እኔ ነኝ።»

ከጎማው ላይ እህቱ አንዲት ትንፋሽ ስታወጣ ሰማ። ሚስቱ ግን የተለየ ነገር የሰማች አልመሰለችም።

«የእሱ ቢሆን ኖሮስ?»

«እ?»

«የእሱ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ጥርሱን ማውለቅህ ልክ ይሆን ነበር?»

ሞርሳ ያን ሁሉ ጊዜ አየሩን ሲያሳድድ የነበረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነኛል ብሎ ነበር። ተንፏቆ ወጣና የተቆረጠውን ጎማ ሊቆርጥ፣ አዲስ ፋሼታ ሊያስገባ ካቻቢቴ አነሳ።

«አንተ አትንካው» አለች ሚስቱ። «ልጄ የምትሳፈርበት ነው። እሱ ይሥራው።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ኤሊ ከንፈሩ አብጦ፣ አንገቱ ላይ የጣት ምልክት ቀልቶ፣ ከመኪናው ሥር ገባ። የተነከሱትን ጫፎች ሁሉ ቆርጦ ጣለ፣ ቱቦውን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ፋሼታዎቹን እንደ ልማዱ ቀስ እያለ አጠበቀ፤ ጎማው ጠበቅ ሲል አቆመ። ሞርሳ ቆሞ ያያል። ሊያጥብቅ የማይፈቀድለትን ብሎን ማየት እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቀ። ኤሊ አየሩን አስወጥቶ ሞተሩን በዘይት አስነሳ፤ ነዳጅ ሰጠው፤ በሚታየው ቱቦ ውስጥ ያለ አንድ አረፋ ቢጫ ዘይት ብቻ አለፈ።

«እትዬ፣ መኪናሽን ልዋስ?» አለች ሚስትየው።

«ውሰጂው» አለች እህትየው። ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። «እኔ እህቱ ነኝ፣ የትም አልሄድም፣ አጥንቴም ይድናል። አንቺ ግን ሂጂ።»

ለሞርሳ የተተወለት ሥራ የስፌት መኪናውን መሸከም ብቻ ነበር። የኋላው በር ስለማይከፈት በጎን አስገብቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይገጭ ከሥሩ የገዛ ጃኬቱን አጠፈለት። ሚስቱ የወንበሩን ቀበቶ በማይታጠፈው ጣቷ ስታስርበት አየ። ሊረዳት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

ልጅቷ ከኋላ፣ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀመጠች። ኤሊ መሪውን ያዘ። ሚስትየው በሩን ከመዝጋቷ በፊት ወደ ወንድሟ ዞራ «ዳገቱን ይወጣል?» አለችው። ኤሊ አፉን መክፈት ስላመመው ወደ ሞርሳ አየ።

«ይወጣል» አለ ሞርሳ። «አሁን ይወጣል።»

ሚስቱ ዓይኗን ከወንድሟ ላይ አላነሳችም፤ እሱ ራሱን ሲነቀንቅላት ነው በሩን የዘጋችው።

መኪናው የድንች ሽታውን ለቆ ከግቢው ወጣ። ሞርሳ እስከ በሩ ተከተለው። ልጁ በጎን መስኮት ታየችው፤ ትክ ብላ እያየችው ነበር። ደህና ሁኚ ሊላት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ልጅቷ ራሷን በሁለት እጇ ከልላ ከመስኮቱ በታች ጎንበስ አለች።

መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ተመልሳ ቀና አላለችም። ሞርሳ እጁን አወረደና ኪሱ ውስጥ ከተተው።